78 ኖት፦ በ1998ቱ የሲድኒ–ሆባርት ውድድር ሬዲዮ የደረሰላቸውና ያልደረሰላቸው

በክረምት በእግሩ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ከማዶ ከሚመጣ መንገደኛ ጋር ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ወንዙ እንዴት ነው?» የሚል ነው። የተጠየቀውም «ሞልቷል» ብሎ ብቻ አያልፍም። «እኔ ስሻገር ጉልበቴ ጋ ነበር፤ አሁን ግን ላይ አገር ዘንቧል፣ ደፍርሷል፣ ግንድ ይዞ እየወረደ ነው» ይላል። ይህን የሰማ ሰው ወይ ይመለሳል፣ ወይ መሻገሪያ ይቀይራል፣ ወይ ደግሞ እያወቀ ይገባል። የገባበትን ግን ያውቃል።

የዚህ ጉዳይ መነሻም ይኸው ጥያቄ ነው። ቦታው ከአገራችን ወንዝ እጅግ የራቀ ነው፤ በዋናው የአውስትራሊያ ምድርና በታዝማኒያ ደሴት መካከል ያለው የባስ ወሽመጥ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 እና 27 ቀን 1998 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 17 እና 18 ቀን 1991 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ከሲድኒ ወደ ሆባርት በተደረገው የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር 115 ጀልባዎች ተነሡ። 44ቱ ብቻ ሆባርት ገቡ። አምስቱ ሰመጡ፣ ስድስት ሰዎች ሞቱ፣ 55 ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ በሄሊኮፕተር ገመድ እየተንጠለጠሉ ከሞት ተረፉ። እነዚህ ሁሉ ጀልባዎች ሬዲዮ ነበራቸው። ትንበያው ተነግሯቸው ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ?

መንገዱና ሬዲዮው

ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ፣ ከ2020 በቀር፣ በየዓመቱ ከፈረንጆች ገና ማግስት የሚካሄድ ነው። ርዝመቱ 630 የባህር ማይል ገደማ ሲሆን ወደ 1,170 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጀልባዎቹ መጀመሪያ የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ቀጥሎ የባስ ወሽመጥን አፍ አቋርጠው በታዝማኒያ ጠረፍ ወደ ሆባርት ያቀናሉ። ከወሽመጡ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ጥሩ መጠጊያ በቱፎልድ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው የኤደን ወደብ ናት። ከኤደን ካለፉ በኋላ መጠጊያ ፍለጋ ዞሮ መመለስ ማለት ነፋሱንና ማዕበሉን በጎን ወይም በጀርባ ተቀብሎ ማደር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ጀልባ ሁለት ዓይነት ሬዲዮ ይይዝ ነበር። አንደኛው ቪኤችኤፍ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ አያያዙም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሞገዱ የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ስለሆነ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። ከአንድ ጀልባ የምሰሶ ጫፍ እስከ ሌላው የምሰሶ ጫፍ ቢበዛ ሃያ ማይል ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው ኤችኤፍ ነው። ይህኛው ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ንጣፍ ላይ እየነጠረ ስለሚመለስ በመቶዎች የሚቆጠር ማይል ያቋርጣል። ድምፁ ግን ይንሿሿል፣ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የውድድሩ መገናኛ መስመር በኤችኤፍ 4483 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነበር።

መሃል ላይ ሆና ሁሉንም የምታገናኘው የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ባለሸራ የማሠልጠኛ መርከብ ያንግ ኢንዴቨር ነበረች። ፈቃደኛ የሬዲዮ ኦፕሬተሮች እዚያ ውስጥ ተቀምጠው በተወሰኑ ሰዓቶች መርከበኞቹ «ስኬድ» የሚሉትን የስም ጥሪ ያካሂዳሉ። መጀመሪያ የአየር ትንበያው ይነበባል። ከዚያ ጀልባዎቹ በፊደል ተራ እየተጠሩ ያሉበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይናገራሉ። «አለሁ፣ እዚህ ነኝ» ነው ነገሩ። የተጠራ ጀልባ ዝም ካለ ይደገማል፤ እንደገና ዝም ካለ ምልክት ተደርጎበት ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ይህን ሁሉ የሚሰሩት እነሱም እንደ ሌላው በማዕበሉ እየተላጉ፣ በአንድ እጅ ጠረጴዛውን፣ በሌላው እርሳሱን ይዘው ነበር።

ይህ አሠራር ጥሩ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ጀልባው የት እንዳለ ይጠየቃል እንጂ ያለበት ባሕር ምን እንደሚመስል አይጠየቅም። 115 ጀልባ ማለት 115 የነፋስ መለኪያ በባሕሩ ላይ ተበትኖ ማለት ነው። ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በባሕር ላይ መለኪያ እያጡ በሚቸገሩበት ቦታ ያን ያህል መለኪያ ዝም ብሎ ይጓዝ ነበር። ምክንያቱም ውድድር ነው። አንተ ያገኘኸው ነፋስ ያንተ ምሥጢር ነው፤ ለተፎካካሪህ አትሰጥም። ልማዱ እንዲህ ነበር።

ትንበያው ምን አለ፣ ሰው ምን ሰማ

ውድድሩ ታኅሣሥ 26 ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በጠራ ሰማይና በጥሩ ነፋስ ተጀመረ። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ከኋላ እየገፋ፣ ወደ ደቡብ የሚፈሰው የምሥራቅ አውስትራሊያ የባሕር ጅረትም ከሥር እየተሸከመ ጀልባዎቹን እንደ ፈረስ አስጋለባቸው። ያ ፍጥነት ሁሉንም አስደስቶ ነበር። በኋላ ሲታሰብ ግን ሰዎቹን ወደ መዓቱ ቀድሞ ያደረሳቸው እሱው ነው።

ከመነሻው በፊት የነበረው ማስጠንቀቂያ «ጌል» የሚባለው ነው፤ ከ34 እስከ 47 ኖት ለሚደርስ ነፋስ የሚሰጥ። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ውድድሩ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ላይ የአውስትራሊያ ሚቲዎሮሎጂ ቢሮ ማስጠንቀቂያውን ወደ «ስቶርም» ከፍ አደረገው። ነፋሱ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ከ45 እስከ 55 ኖት ይሆናል አለ። በዚያ ባሕር ላይ ቢሮው ሊሰጥ ከሚችለው ማስጠንቀቂያ ከፍተኛው ይኸው ነበር። በዚያ ኬክሮስ ከ«ስቶርም» በላይ የሚሰጥ ስም አልነበረም።

ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ተነበበ፣ ተሰማ፣ ተጻፈ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው። ከአንባቢው አፍ የወጣው ቁጥርና በሰሚው ጆሮ የገባው ቁጥር አንድ ዓይነት ትርጉም አልነበራቸውም።

በትንበያ የሚነገረው የነፋስ ፍጥነት አማካይ ነው፤ የአሥር ደቂቃ አማካይ። በመካከሉ ድንገት እየመጣ የሚገፈትረው ብርቱ ግፊት ከአማካዩ በ40 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «55 ኖት» ያለ ትንበያ 77 ኖት ሊመታህ ይችላል ማለቱ ነው። የሞገዱ ከፍታም እንደዚያው። በትንበያ የሚጠራው ከፍታ ከሞገዶቹ መካከል የትልልቆቹ የአንድ ሦስተኛው አማካይ እንጂ የትልቁ አይደለም። ከብዙ ሞገዶች መሃል አንዱ የዚያን እጥፍ ያህል ሆኖ ሊነሣ ይችላል። ይህ ለሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው ሀ ሁ ነው። ለብዙዎቹ መርከበኞች ግን እንደዚያ አልነበረም። ከዚያም አልፎ «ጌል» ከ«ስቶርም» ይከፋል ብለው የሚያምኑ ነበሩ፤ ስሙ ለጆሮ እንደዚያ ይመስላቸው ነበርና። 50 ኖት ደግሞ ለአንድ የሆባርት ውድድር ነባር ተወዳዳሪ አዲስ አይደለም። «አውቀዋለሁ፣ ከዚህ በፊት አልፌበታለሁ» ይላል። በአማርኛስ ቢሆን ከዚህ ስህተት እንድናለን ወይ? «ማዕበል»፣ «ወጀብ»፣ «አውሎ ነፋስ» ስንል የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ በመካከላችን ስምምነት የለንም። ባሕር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ የቋንቋ ጨዋታ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት በወሽመጡ ሰሜናዊ ዳር በዊልሰን ፕሮሞንቶሪ የመብራት ማማ ከ70 ኖት በላይ የሆነ ነፋስ ተመዝግቦ ነበር። ማማው ያለበት ገደል ነፋሱን እያጠበበ እንደሚያጠነክረው የታወቀ ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ ለባሕሩ አይወሰድም። ቢሆንም ወሬው ወደ ጀልባዎቹ በጊዜ አልደረሰም። «ወንዙ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ከማዶ የመጣውንም የነገረ አልነበረም።

የቀኑ 8 ሰዓት ስኬድ

ታኅሣሥ 27 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ላይ የስም ጥሪው ተጀመረ። ብዙዎቹ ጀልባዎች በዚያን ጊዜ ኤደንን አልፈው ወይም አጠገቧ ነበሩ። ከፊት የቀደሙት በወሽመጡ አፍ ገብተዋል። ነፋሱ አሁን ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ጅረቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ይፈሳል። ነፋስና ጅረት ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ሞገዱ ሽቅብ ይነሣል፤ ተዳፋቱ ግድግዳ ይሆናል። ያኔ ጀልባን የሚገለብጠው ከከፍታው ይልቅ ያ ቀጥ ብሎ መቆሙና ጫፉ መናዱ ነው።

ስኬዱ በፊደል ተራ እየሄደ «ሶርድ ኦፍ ኦሪየን» የተባለችው ጀልባ ጋ ደረሰ። የጀልባዋ ባለቤት ያሉበትን ቦታ ከተናገሩ በኋላ ያልተጠየቁትን ጨመሩ። ትንበያው ከሚለው በላይ የሆነ ነፋስ ውስጥ እንዳሉ፣ አማካዩ ከ50 ኖት በላይ እንደሆነ፣ በየመሃሉ የሚመጣው ግፊት ግን 78 ኖት እንደደረሰ ለሁሉም ጀልባዎች ተናገሩ። ያንግ ኢንዴቨር ላይ ያሉት ኦፕሬተር ጆሯቸውን ማመን አቅቷቸው ቁጥሩን አስደገሙ። 78። በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ያንን ድምፅ የሰሙ ጀልባዎች የካርታ ጠረጴዛቸው አጠገብ ምን እንደተባባሉ መገመት አያዳግትም። ትንበያው ከቢሮ የመጣ ቁጥር ነበር። ይህ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ካለ፣ እንደ እነሱ ከተነከረ፣ እንደ እነሱ ሆባርት ለመድረስ ከሚፈልግ ሰው አፍ የወጣ ነው። የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ እንዲያውም ለተፎካካሪዎቹ ምሥጢሩን እየሰጠ ነው። ከዚያ በኋላ በርካታ ጀልባዎች አፍንጫቸውን ወደ ኤደን መለሱ። ስንት ሰው በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደዳነ የሚቆጥር የለም፤ ወደ ወደብ የተመለሰ ሰው በሞቱትም በተረፉትም መዝገብ አይጻፍም። እኔ ግን በዚያ ውድድር በሬዲዮ ከተነገረው ሁሉ ይህን ቁጥር የሚያክል ዋጋ ያለው ነገር አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም አልተመለሱም። «ኤኤፍአር ሚድናይት ራምብለር» የተባለችው 35 ጫማ ርዝመት ብቻ ያላት ጀልባ ሁኔታውን እያወቀች ቀጠለች። ዞሮ ሞገዱን ከጎንና ከኋላ ከመቀበል ፊት ለፊት እየተጋፈጡ መውጣት ይሻላል ብለው አመዛዘኑ፣ ወጡም፣ የዓመቱን አጠቃላይ ድልም ወሰዱ። ወሬው ውሳኔውን አይወስንልህም፤ የምትወስነውን እንድታውቅ ያደርግሃል።

«ሶርድ ኦፍ ኦሪየን» ራሷም በኋላ ለመመለስ ወሰነች። ወደ ሰሜን ዞራ ስትጓዝ አንድ ግዙፍ ሞገድ አንሥቶ ገለበጣት፤ ሙሉ ዙር ተሽከርክራ ቀና አለች። ምሰሶዋ ተሰበረ። መሪዋን ይዘው የነበሩት የእንግሊዝ የኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ግሊን ቻርልስ ወደ ባሕሩ ተወረወሩ፤ አልተገኙም። ሌሎቹን ያስጠነቀቀችው ጀልባ የራሷን ሰው አጣች። የቀሩት ሰዎቿ ሌሊቱንና ንጋቱን በባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ተነሡ።

ምሰሶው ሲወድቅ

ለምን ነው ጀልባዋ ወዲያው «ድረሱልኝ» ብላ ረጅም ርቀት ልትጣራ ያልቻለችው? ይህን ጉዳይ ላነበበ ሁሉ ቁልፉ እዚህ ነው።

በባለሸራ ጀልባ ላይ የቪኤችኤፍ አንቴና የሚተከለው ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሩቅ ያያልና። የኤችኤፍ አንቴና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምሰሶውን ከኋላ ይዞ የሚያቆመው የብረት ገመድ ራሱ ነው። ገመዱ ላይና ታች በማገጃ ተለይቶ እንደ አንቴና ያገለግላል። ብልህ አሠራር ነው፤ አንድ ነገር ሁለት ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ጀልባው ተገልብጦ ምሰሶው ሲሰበር፣ ሬዲዮ ከምንጊዜውም ይበልጥ በሚያስፈልግበት በዚያች ቅጽበት ሁለቱም አንቴናዎች አብረው ባሕር ይገባሉ። ባትሪው ውሃ ይገባበታል። ሬዲዮው ራሱ የተሰቀለበት የካርታ ጠረጴዛ ጨው ውሃ ይረጭበታል። መርከበኛው ማይክራፎኑን ጨብጦ ይጮሃል፤ የሚወጣ ነገር የለም።

መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። ከምሰሶው የማይገናኝ የመጠባበቂያ አንቴና፣ ከሬዲዮው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ሁሉም የሚያውቀው፤ ውሃ የማይገባበት የእጅ ቪኤችኤፍ፤ ባትሪው ከወለሉ ከፍ ብሎ የታሰረ። ጥያቄው ዕቃው አለ ወይ አይደለም። ጀልባው ጨለማ ውስጥ ውሃ ሞልቶት ሳለ እጅህ ፈልጎ ያገኘዋል ወይ ነው።

ከላይ የሰማው ጆሮ

«ዊንስተን ቸርቺል» ከጀልባዎቹ ሁሉ የተከበረች ነበረች። በ1942 የተሠራች የእንጨት ጀልባ፣ በ1945 በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር የተሳተፈች። ዘጠኝ ሰዎች ይዛ ነበር። ታኅሣሥ 27 አመሻሹ ላይ ከባድ ሞገድ መታት፤ ግድግዳዋ ተናግቶ ውሃ ይገባባት ጀመር። በቪኤችኤፍ «ሜይዴይ» የሚባለውን የባሕር የድረሱልኝ ጥሪ አሰማች።

ቪኤችኤፍ ሃያ ማይል ነው ብለናል። ያንን ጥሪ የሰማው ግን የአውስትራሊያው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ሄሊኮፕተር ነው፤ ውድድሩን ለመቅረጽ የመጣ። ከፍ ብሎ የሚበር ጆሮ ከባሕር ወለል ላይ ካለ ጆሮ እጅግ ሩቅ ይሰማል፤ የምድር ክብነት አይጋርደውም። አብራሪው ቦታቸውን፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደገጠማቸው ጠየቀና ለፍለጋና ነፍስ አድን ማዕከሉ አስተላለፈ። ቀደም ብሎ በዚያው ከሰዓት «ስታንድ አሳይድ» የተባለችውና አሥራ ሁለት ሰዎች የነበሩባት ጀልባ ስትገለበጥም የነፍስ አድን ሥራው በሬዲዮ ሲቀናጅ ይኸው ሄሊኮፕተር መሃል ነበረ። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ድንገት የብዙዎች መገናኛ ድልድይ ሆነ። ሥራውን አቋርጦ የሌላ ሰው ጥሪ ማስተላለፍን በባሕር ሬዲዮ ሕግ «ሜይዴይ ሪሌይ» ይሉታል፤ ማንም ሳይመልስለት የቀረ ጥሪ የሰማ ሁሉ ግዴታው ነው።

ከ«ዊንስተን ቸርቺል» የመጣው ጥሪ ከቱፎልድ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ ምሥራቅ ሃያ ማይል ላይ ነን የሚል ነበር። ፍለጋው ወደዚያ ሄደ። የተገኘ ነገር የለም። ጀልባዋ ሰጠመች፤ ዘጠኙ ሰዎች በሁለት በሚነፉ የሕይወት አድን ጀልባዎች ላይ ወጡ፤ ማዕበሉም ለያያቸው። አንደኛው ጀልባ በሌሊት ተገልብጦ ተቀዳደደ፤ በውስጡ ከነበሩት አምስት ሰዎች ሦስቱ በጨለማ ተወሰዱ። የተረፉት ስድስት ሰዎች የተገኙት ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 28 አመሻሽ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ለማስቀረት የሬዲዮ መምህራን እስከ ዛሬ አንድ ነገር ደጋግመው ያስተምራሉ። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የጀልባው ስም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያው ቦታው በኬክሮስና ኬንትሮስ። ስለ ውሃው፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ተጎዱት ሰዎች ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሬዲዮው በመሃል ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ወጥቷል። በየግማሽ ሰዓቱ ቦታን በወረቀት ላይ መጻፍም ለዚህ ነው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ወረቀቱ አለ።

በዚያው ቀን የተደረገ ሌላ ጥሪ ግን ሰው አዳነ። «ኪንጉራ» ከተባለችው ጀልባ አንድ አሜሪካዊ መርከበኛ ራሱን ስቶ ወደ ባሕር ወደቀ። የጀልባዋ ሬዲዮ ይሠራ ነበር፤ «ሜይዴይ» አሉ። የቪክቶሪያ ፖሊስ ሄሊኮፕተር ደረሰ። በሞገዱ መካከል አንድ ራስ ብቅ ጥልቅ እያለ ሲታይ ነፍስ አድኑ በገመድ ወረደ። ሰውየው ውሃ ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ተነሣ።

የማንነት ጥያቄ

ብዙዎቹ ጀልባዎች ሬዲዮ ሲከዳቸው የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪ መሣሪያቸውን አበሩ፤ «ኢፐርብ» የሚባለውን። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ በ121.5 ሜጋ ኸርዝ የሚሠሩ አሮጌ ዓይነት ነበሩ። ምልክታቸው ጩኸት ብቻ ነው፤ «እኔ እገሌ ነኝ» አይልም። ሳተላይቱም ቦታውን በኪሎ ሜትሮች ስህተት ነው የሚያሳየው። አንድ ጩኸት ቢሆን ሄሊኮፕተሩ ተከትሎት ይሄዳል። በዚያ ምሽት ግን ብዙ ነበሩ፤ ማዳኛ ማዕከሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች የቱ ጩኸት የየትኛው ጀልባ እንደሆነ፣ የተነሡ ሰዎች ትተውት የሄዱት መሣሪያ ይሁን ወይስ ገና ሰው ያለበት መለየት አስቸገራቸው። 406 ሜጋ ኸርዝ የሚጠቀመው አዲሱ ዓይነት የመርከቡን መለያ ቁጥር አብሮ ይልካል። ሳተላይቶች የ121.5ን ጩኸት መከታተል ያቆሙት እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2009 ነው።

ሌላም አለ። በሳተላይትና በዲጂታል ጥሪ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የባሕር አደጋና ደኅንነት መገናኛ ሥርዓት፣ «ጂኤምዲኤስኤስ» የሚባለው፣ በንግድ መርከቦች ላይ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1999 ነው። ከውድድሩ አምስት ሳምንት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም ወጥተው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩት ልጆቻችን የሚጠቀሙበት መሣሪያ ይኸው ነው። ቀዩን ቁልፍ ስትጫን መሣሪያው ራሱ ማንነትህንና ቦታህን ይልካል። ስለ ነፋሱ ግን ምንም አይልም። ያንን አሁንም ሰው መናገር አለበት።

መርማሪው ዳኛና ከዚያ በኋላ

የኒው ሳውዝ ዌልስ የሞት መንስኤ መርማሪ ዳኛ ጆን አበርናቲ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 አቀረቡ። አዘጋጁ ክለብ ውድድሩን የመምራት ኃላፊነቱን ጥሏል አሉ። ጀልባውን ይዞ የመቀጠል ወይም የመመለስ የመጨረሻ ውሳኔ የካፒቴኑ መሆኑ የታወቀ ሕግ ነው። ነገር ግን ያ ካፒቴን ለመወሰን የሚያስፈልገውን ነገር የማድረስ ግዴታ የአዘጋጁ ነው። ሚቲዎሮሎጂ ቢሮውንም በአማካዩ ቁጥር ላይ እንዳይቆም፣ ሊመጣ የሚችለውን ከፍተኛ ግፊትና የሞገድ ከፍታ በትንበያው ውስጥ እንዲናገር መከሩ። ቢሮው ስህተት ነገረ ለማለት አይደለም፤ የተናገረው ልክ ነበር። የሚሰማው ሰው ልክ ሆኖ እንዲገባው ነው።

በ1979 በእንግሊዝ የፋስትኔት ውድድር 15 ተወዳዳሪዎች ሲሞቱ ብዙ ጀልባዎች መስሚያ ሬዲዮ እንጂ መናገሪያ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ መናገሪያም ግዴታ ሆነ። የሆባርቱ ጉዳይ ቀጣዩ ደረጃ ነው። መናገሪያው ነበራቸው። የጎደለው እንዲናገሩ የሚያስገድድ ነገር ነው።

እሱም መጣ። ክለቡ ከራሱ ምርመራ በኋላ ከ40 ኖት በላይ ነፋስ ያገኘ ጀልባ ሁሉ በሬዲዮ እንዲያሳውቅ ደነገገ። ምሥጢር መደበቅ ቀርቶ መናገር ግዴታ ሆነ። የ«ሶርድ ኦፍ ኦሪየን» ባለቤት በራሳቸው ፈቃድ ያደረጉት ነገር ሕግ ሆነ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ከኤደን በስተደቡብ ባለችው ግሪን ኬፕ ነው። ከሷ ማዶ ወሽመጡ ይከፈታል። እዚያ ሲደርስ እያንዳንዱ ካፒቴን በሬዲዮ ብቅ ብሎ እንዲናገር ተወሰነ፤ ኤችኤፍ ሬዲዮው እንደሚሠራ፣ የሕይወት አድን ጀልባዎቹ እንዳሉ፣ ሞተሩና ባትሪው ደህና እንደሆኑ፣ ጀልባውና ሰዎቹ ለመቀጠል ብቁ እንደሆኑ፣ የመጨረሻውን ትንበያ አይቶ እንዳመዛዘነ።

ይህን ይል የነበረው ለጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ክፍት በሆነ መስመር፣ ሌሎች ጀልባዎች እየሰሙ ነበር። ሬዲዮው የማይሠራ ከሆነ ደግሞ መናገር ስለማይችል ጉዳዩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ወደ ኤደን ይዞር ነበር።